አሮጌ ካሚዮን የሚጠገንበት ጊዜና ሥርዐት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዐቢይ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሐሙሲት፤ ስሟ ራሱ እንደሚያስረዳው፤ የሐሙስ ገበያ ያቋቋማት ከተማ ናት። ዱሮ ገበያተኛው እህሉን በትከሻውና በአህያ ጀርባ አምጥቶ ሸጦ ይመለስ ነበር፤ ዛሬ ግን በደራና በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝና ሽንኩርት ወደ ባሕር ዳር፤ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው በካሚዮን ነው። ስለዚህ የገበሬው የዓመት ድካም ዋጋ ማግኘቱ ወይም በመንገድ ዳር መቅረቱ፤ በሞተርና በፍሬን ደኅንነት ላይ የተመሠረተ ሆኗል ማለት ይቻላል። ይህን ከባድ አደራ ከተሸከሙት መኪናዎች መካከል ደግሞ በዕድሜ የገፉት ጥቂቶች አይደሉም። 20 ዓመት ያገለገለ አይሱዙ ከሐሙሲት እስከ ወረታ ባለው መንገድ ላይ ጭነት ተሸክሞ ሲያልፍ ማየት ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ አሮጌ ካሚዮን ያለው ሰው በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከራሱና ከቤተ ሰቡ ጋር ብርቱ ምክር መምከር አለበት። ነገሩ ዘይት እንደ መለወጥና ጎማ እንደ ማስነፋት ያለው የዘወትር ሥራ አይደለም። ፍሬኑ ተፈትቶ፤ የጎማዎቹ ኩሽኔታ ወጥቶ፤ ባሌስትራው ወርዶ፤ የሞተሩም ጤና በመሣሪያ ተለክቶ የሚታይበት ዐቢይ ጥገና ነው። ይህ ጥገና መቼ ይደረግ? ሁሉ በአንድ ጊዜ ወይስ እየተከፋፈለ? ሞተሩ ይውረድ ወይስ እንዳለ ይቆይ? ገንዘቡስ ከምን ይውጣ? መኪናው የቤቱ ብቸኛ መተዳደሪያ ለሆነለት ሰው እነዚህ ጥያቄዎች እንደ ቀላል ነገር የሚታለፉ አይደሉም።

የብዙው ሰው መልስ «ሲቆም ይሠራል» የሚል ነው። ይህ መልስ ላይ ላዩን ሲያዩት ቁጠባ ይመስላል፤ ባልተበላሸ ነገር ላይ ገንዘብ አይፈስምና። ዳሩ ግን መኪና የሚቆመው ባለቤቱ በመረጠለት ቀን አይደለም። የሚቆመው ብዙ በሚሠራበትና ከባድ ጭነት በተሸከመበት ጊዜ ነው፤ ይህም በፎገራ ምድር ሩዙ ታጭዶ ተወቅቶ ከኅዳር ጀምሮ የሚጓጓዝበት ወራት ነው። በታኅሣሥ ወር ሙሉ ጭነት እንደ ያዘ ከጉማራ ወንዝ ድልድይ ወዲህ ወይም ወዲያ የውሃ ፓምፑ የተበላሸበት ሰው ኪሣራውን ቢቈጥር፤ የፓምፑ ዋጋ ከሁሉ የሚያንሰው ሆኖ ያገኘዋል። ጭነቱን አውርዶ በሌላ መኪና ላይ ለሚጭነው ወዛደር ይከፍላል፤ ለጎታች መኪና ይከፍላል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ሲጠብቁ የሚበሉትን ይከፍላል፤ ዕቃውን በተጠየቀው ዋጋ ከተገኘው ሱቅ ይገዛል፤ መካኒኩም በመንገድ ዳር አቧራ ላይ ተኝቶ በጥድፊያ ይሠራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ነጋዴው ሌላ ባለ መኪና ለምዶ ይቀራል። ያችው ፓምፕ በሐምሌ ብትለወጥ ኖሮ የሚከፈለው የዕቃዋ ዋጋና የመካኒኩ ድካም ብቻ ነበር። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የዚህ አገር ባለ ካሚዮን ከሌላው አገር ሰው ይልቅ አንድ ጥቅም አለው፤ የሥራው ዘመን በግልጽ የተከፈለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ይህ ውሃ ምን ያህል ኀይል እንዳለው አሳይቷል። እንዲያ ያለ አደጋ በማይደርስበት ዓመት እንኳ ከዋናው ጎዳና ወጥቶ ወደየቀበሌው የሚወስደው መንገድ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ካሚዮኑ ሥራ ይቀንሳል፤ ገበሬውም ያን ጊዜ የሚሸጠው ሩዝ ሳይሆን ገና የሚያርመው ሩዝ ነው ያለው። መኪናው ለ1 ሳምንት ተፈትቶ ጋራዥ ቢቀመጥ የሚያስቀረው ገቢ ከዓመቱ ሁሉ የሚያንሰው በእነዚህ ወራት ነው። ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያበጀው እርሻ ሳይገባ ነው እንጂ በትልሙ መካከል በሬዎቹን አቁሞ አይደለም፤ የገበሬ ልጅ የሆነው ባለ ካሚዮን ግን የአባቱን ብልሃት በመኪናው ላይ ሲረሳው ይታያል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ እውነት አለበት። ክረምት ሥራ የሚቀዘቅዝበት ብቻ ሳይሆን ኪስም የሚራቆትበት ወራት ነው። በጥርና በየካቲት የተገኘው ገንዘብ በሠርግ፤ በዕዳ፤ በልጆች ትምህርትና በቤት ሥራ አልቆ ሐምሌ የሚገባው በባዶ እጅ ነው። ስለዚህ ጥገናው በክረምት እንዲደረግ የተፈለገ እንደ ሆነ ገንዘቡ በበጋ መቀመጥ አለበት። ከወረታ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ደርሶ መልሱ 1,200 ይሆናል፤ 4 ጊዜ የተመላለሰ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ባለቤቱ በእያንዳንዱ ደርሶ መልስ የናፍጣውን ሒሳብ ሲያወጣ የጥገናውንም ድርሻ አብሮ ካላወጣ፤ ትርፍ ብሎ የቈጠረው ገንዘብ እኩሌታው ትርፍ አይደለም። ከመኪናው አካል እየተቈረሰ የተበላ ነው።

የፎገራ ሜዳ በመኪና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሌላው አገር በመጠኑ የተለየ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሩዝ ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ በዚህ ሜዳ እየተስፋፋ ሄዶ፤ ወረታ ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል መቀመጫ እስከ መሆን ደርሳለች። ከሩዝ ጋር የመጣው የመፈልፈያ ወፍጮ ነው፤ ከወፍጮው ጋር የመጣው ደግሞ እንደ ተራራ የሚከመረው የሩዝ ቅርፊትና ብናኙ ነው። ካሚዮን ጭነት ሲጠብቅ ሰዓታት የሚቆመው ከዚሁ ወፍጮ አጠገብ፤ ብዙ ጊዜም ሞተሩ ሳይጠፋ ነው። የሩዝ ቅርፊት እንደ ጤፍ ገለባ የለዘበ ነገር አይደለም። በውስጡ ሲሊካ የሚባለው የአሸዋና የመስተዋት ዘር አለበት፤ ስለዚህ ብናኙ በአየር ማጣሪያው በኩል ሾልኮ ወደ ሞተሩ የገባ እንደ ሆነ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፈገፍጋቸዋል። ደግሞም በራዲያተሩ ፊት ተለጥፎ ነፋስ ስለሚከለክል፤ ሜዳ ላይ ደኅና የነበረው ሞተር ዳገት ሲጀምር ይፈላል። የኩባንያው መጽሐፍ የአየር ማጣሪያ በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ይለወጥ ብሎ የጻፈው በወረታ ወፍጮ ደጃፍ የሚያድር መኪና አስቦ አይደለም። እዚህ ማጣሪያው በየሳምንቱ ተከፍቶ ሊታይ ይገባል፤ በመጭመቂያ ነፋስ እየነፉ ደጋግሞ መጠቀምም ወረቀቱን ስለሚበሳው ቁጠባነቱ ለዐይን ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የሚመጣው ፍሬን ነው። ገንዘብ ያነሰው ባለ መኪና ከሁሉ በፊት ሞተሩን ያስባል፤ ሞተር ካልተነሣ ገቢ የለምና። ፍሬን ግን እየደከመም ቢሆን መኪናውን ከመሄድ አያግደውም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይተዋል። ይህ የሐሳብ ቅደም ተከተል ሰው ይገድላል። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚወስደውን፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራውን መንገድ የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ያስተውላል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር ከ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሲወጣ የደከመው ሞተር መንገድ ዳር ይቆማል፤ ሲወርድ የደከመው ፍሬን ግን አይቆምም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዐባይን በረሃ ይወርዳል፤ ያም ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው።

በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን እንዴት እንደሚከዳ መካኒኮች የሚያውቁትን ብዙ ባለቤቶች አያውቁትም። የፍሬን ሸራው ሳያልቅ፤ ቱቦውም ሳይቀደድ፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ እንደ ባዶ ነገር እስከ ወለሉ የሚወርድበት ጊዜ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ርጥበት እየጠጣ የሚሄድ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዐይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን እየተደጋገመ ሲረገጥ ሙቀቱ ከዚህ ይደርሳል፤ ዘይቱም ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ኀይሉን ወደ ጎማው አያደርስም። ይህን ለማስወገድ የሚያስፈልገው አሮጌውን የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ጨርሶ አፍስሶ አዲስ መሙላት ነው። ከዐቢይ ጥገናው ወጪ ሁሉ ከጥቂቶቹ ርካሾች አንዱ ይህ ሲሆን፤ በጎደለ ላይ ጨምሮ መሄድ ልማድ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳይደረግ ይቀራል።

በዚህ ዳገት ላይ ከባድ ጭነት ከባድ ዝግጅት እንደሚያሻው ከመኪና በፊት የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወሰድ ጉዞው ወራት ፈጀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መድፉን አስነሥተው የሄዱት መንገዱን ከፊት ከፊቱ እያስጠረጉ ነበር። ያን ጊዜ ዳገቱን የሚያወጣውና ቁልቁለቱን የሚይዘው የብዙ ሰው ክንድ ነው። አሁን ያንኑ የሚያህል ክብደት ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ከጎማ ውስጥ የተደበቀ ጣት የማይሞላ ውፍረት ያለው ሸራ ነው፤ ሸራውንም ካልፈቱት አያዩትም።

እንግዲህ ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ እንደ ሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ሰው የሚገድለው፤ ይኸውም ፍሬን፤ መሪ፤ ጎማና ባሌስትራ። ቀጥሎ ዛሬ በጥቂት ገንዘብ ካልተሠራ ነገ ትልቁን የሚያበላሸው፤ ማለት የውሃው፤ የዘይቱና የአየሩ መንገድ። ሞተሩን ማስወረድና ማሳደስ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ስለ ሞተር ሁለት ተቃራኒ አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «የተከፈተ ሞተር እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ እስኪሞት አትንኩት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ኪሎ ሜትሩ ብዙ ስለ ሆነ ብቻ ሞተሩ ይውረድ ይላል፤ ከዚህ ወገን ብዙውን ጊዜ ከሥራው የሚጠቀመው መካኒክ አይጠፋም። የመጀመሪያው አባባል በልምድ የተገኘ ነው፤ አቧራ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ በቁልፍ መጠን ሳይሆን በክንድ ግምት የታሰረ ቴስታታ ከመከፈቱ በፊት የነበረውን ጤና አያገኝም። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ሳይለኩ የሚፈርዱ ናቸው። በፎገራ አገር ወይፈን ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ የሚቈጥር ሰው የለም፤ ለሞተርም ጥርስ አለው። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን የሚለካው መሣሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ እውነቱን ይናገራል። ሁሉም ሲሊንደሮች በመጠኑ ደክመው ነገር ግን የተቀራረበ ቁጥር ያሳዩ እንደ ሆነ ሞተሩ አርጅቷል እንጂ አልታመመም፤ ቫልቩ ተስተካክሎ፤ የናፍጣ መርጫው ተጠርጎ አንድ በጋ ሊያገለግል ይችላል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ የወደቀ እንደ ሆነ ግን ሕመሙ የአንዱ ነውና ሳይውል ሳያድር መከፈት አለበት።

መሣሪያ በሌለበትም የሚታይ ምልክት አለ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ መኪና ዘይት እያቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ የአየር ማጣሪያ መደፈን ወይም የናፍጣ መርጫ መበላሸት ሊሆን ስለሚችል፤ ስለ ጥቁር ጭስ ብቻ ብሎ ሞተር ማስወረድ ለራስ ምታት ጭንቅላት መቀደድ ነው። የሞተሩ ዘይት ወተት መስሎ የተገኘ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታልና ያ መኪና አንዲት ኪሎ ሜትር መሄድ የለበትም። ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ግን በ1,000 ኪሎ ሜትር የሚጨመረው ዘይትና የሚጠጣው ናፍጣ ከወር ወር እየጨመረ መሄዱ ነው፤ ይህንም የሚያውቅ የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

መጻፍ ሲነሣ የሾፌሩ ነገር ይመጣል። በብዙ ካሚዮን ላይ ባለቤቱ አይነዳም፤ ነጂው ባለቤት አይደለም። ሾፌሩ በሄደው ጉዞ ብዛት የሚከፈለው ሲሆን መኪናው ጋራዥ የገባበት ቀን ለእርሱ ያለ ደመወዝ የሚያልፍ ቀን ነው፤ ስለዚህ ያልተለመደ ድምፅ ሲሰማ ለባለቤቱ ለመንገር የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ባለቤቱም ስልክ በደወለ ቁጥር የሚጠይቀው «የት ደረስህ?» ነው እንጂ «ዘይት ስንት ጨመርህ?» አይደለም። በኋላ ሞተሩ ሲነክስ ጥፋቱ ሁሉ በሾፌሩ ላይ ይወድቃል። መድኀኒቱ ከባድ አይደለም። ለጥገና በቆመበት ሳምንት ለሾፌሩ መጠነኛ አበል ተቈርጦለት ከመካኒኩ ጋር እንዲውል ማድረግ፤ በመኪናውም ውስጥ አንድ መዝገብ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። በመዝገቡ ቀኑ፤ ኪሎ ሜትሩ፤ የተጨመረው ዘይት፤ የተለወጠው ዕቃና ዋጋው፤ የሠራውም መካኒክ ይጻፍበታል። ረዳቱ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ስለ ሆነ ይህን ሥራ ለእርሱ መስጠት ይቻላል፤ እርሱም ነገ ሾፌር ሲሆን ሥራውን ዐውቆ ይሆናል። ሾፌር ተሰናብቶ ሌላ በተቀጠረ ጊዜ የመኪናው ታሪክ ከሄደው ሰው ጋር አብሮ ሲሄድ መኖሩ ለባለቤቶች ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም።

የዕቃው ዋጋ መወደድ የማይካድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ፋሻና ፒስተን፤ ጎማና ኩሽኔታ ሁሉ ይህን ተከትሎ ወጥቷል። ቢሆንም ይኸው ምክንያት አሮጌውን ለመተው ሳይሆን ለመጠበቅ ያስገድዳል፤ አዲሱ ካሚዮንም በዚያው ዶላር የሚመጣ ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም አሮጌ ተሽከርካሪ ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። ስለዚህ ዛሬ በሐሙሲት የቆመውን የ20 ዓመት አይሱዙ በሌላ የ10 ዓመት አይሱዙ በቀላሉ መተካት እንደ ዱሮው አልሆነም።

ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ የሚደረገው ምርጫ ግን ቅደም ተከተሉን መከተል ይገባዋል። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ለአንድ ዕቃ 3 ዐይነት ዋጋ ይነገረዋል፤ የኩባንያው፤ በሌላ የተመሰለው፤ ያገለገለው። የመስኮት እጀታ ወይም የመብራት መስተዋት ተመስሎ የተሠራ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። የፍሬን ሸራ፤ የፍሬን ጎሚኒ፤ የመሪ ዘንግ ጫፍና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ግን በርካሽ የሚገዙ ዕቃዎች አይደሉም። ያገለገለ ሞተር ሙሉውን ገዝቶ መለወጥ የሚሻልበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለ ሆነ ለውጡ በሕግ መመዝገብ እንዳለበት፤ ሻጩም ሕጋዊ ሰነድ ማቅረብ እንዳለበት አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

በዚህ አንቀጽ የተጠቀሱት የዕቃ ስሞች ብዙዎቹ የጣሊያን ቋንቋ መሆናቸውን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ጎማ፤ ፍሬን፤ ባሌስትራ፤ ቴስታታ፤ ጓርኒሲዮን፤ ፍሪሲዮን ሁሉ ትሬንታ ኳትሮ ከሚባለው የፊያት ካሚዮን ጋር የገቡ ቃላት ናቸው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ መኪናዎቹ ቀሩ፤ መለዋወጫቸው ግን አልቀረም። የዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን መካኒኮች ከአንዱ እየፈቱ ለሌላው እየገጠሙ፤ ያልተገኘውን በሞረድና በእሳት እያበጁ እነዚያን ካሚዮኖች ለብዙ ዓመታት አሠርተዋቸዋል። አሮጌ መኪና ማኖር ለዚህ አገር አዲስ ጥበብ አይደለም።

ከዚህ ጥበብ ጎን ለጎን ግን አንድ የማያስመሰግን ልማድ አለ። ክረምት ሲወጣ ብዙ ካሚዮን አዲስ ቀለም ተቀብቶ፤ በመስተዋቱ ዙሪያ አበባና ዘርፍ ተንጠልጥሎለት፤ በፊቱም ላይ ጥቅስ ተጽፎበት ይወጣል። ለዐይን ማማር ነቀፋ የለበትም። የቀለሙን ዋጋ ከፍሎ የፍሬን ዘይት ያላስለወጠ ሰው ግን መኪናውን ለሠርግ አዘጋጀው እንጂ ለመንገድ አላዘጋጀውም። ዓመታዊው ምርመራ ተደርጎ ቦሎ የተለጠፈበት መሆኑም በራሱ ዋስትና አይሆንም። ምርመራው መኪናው በዚያች ቀን የነበረበትን ሁኔታ ያሳያል፤ ዓመቱን በሙሉ የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድ እየተዘጋ ካሚዮኖች ያለ ሥራ የቆሙባቸው ቀናት በርክተዋል። ቆሞ የሰነበተ መኪና ዐርፏል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ባትሪው ይሞታል፤ በሰልባታዮው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ የፍሬኑ ሲሊንደር ይዝጋል፤ ጎማውም በቆመበት በኩል ይጎብጣል። ስለዚህ ሳምንታት ቆሞ የሚነሣ ካሚዮን ኪሎ ሜትሩ ባይጨምርም ጥገናው እንደ ደረሰ መቈጠር አለበት።

መጠገን የማይጠቅምበትም ጊዜ ይመጣል። ሞተር ይታደሳል፤ ካምቢዮ ይለወጣል፤ ሻንሲው ግን የመኪናው አከርካሪ ነው። ባሌስትራው በሚያያዝበት ቦታ ላይ የተሰነጠቀና ደጋግሞ የተበየደ ሻንሲ ያለው ካሚዮን፤ ሞተሩ አዲስ እንኳ ቢሆን ለደብረ ታቦር ቁልቁለት የሚበቃ አይደለም። እንዲህ ያለውን መኪና ነገሩን ሸሽጎ ለሌላው ድኻ መሸጥ አደጋውን ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው። ተፈትቶ ደኅና ደኅናው ዕቃ ለሌሎች መለዋወጫ ቢሆን ባለቤቱም ገንዘብ ያገኛል፤ ሌላውም መኪና ይድናል።

ገንዘቡን ስለ ማሰናዳት ባለ ካሚዮኖቹ ከሩቅ የሚማሩት ነገር የለም፤ እቁብን ያውቁታል። አብዛኛው እቁብ ግን ዕጣው በደረሰበት ቀን ለወጣለት ሰው የሚሰጥ ስለ ሆነ፤ በጥር የወጣለት ሰው ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። ለጥገና የሚጣል እቁብ ቢቋቋም ከኅዳር እስከ ሰኔ እየተጣለ ይቀመጥና የሚከፈለው በክረምት ብቻ ይሆናል፤ ገንዘቡም ለሰውየው በእጁ ሳይሆን ለዕቃ ሻጩና ለጋራዡ ይከፈላል። ማኅበርተኞቹ አንድ ሰው ወደ ሶማሌ ተራ ልከው ለሁሉም የሚሆነውን ማጣሪያ፤ የፍሬን ሸራና ዘይት በአንድነት ቢያስገዙ፤ የዋጋ ቅናሽ ከማግኘታቸውም በላይ የየብቻ ጉዞው ወጪ ይቀርላቸዋል። የኮምፕሬሽን መለኪያውንና የቁልፍ መጠን የሚያሳየውን መሣሪያ አንድ ጊዜ በጋራ ገዝተው ማስቀመጥም ይችላሉ። በሐሙሲትና በወረታ 8 ባለ ካሚዮኖች እንዲህ ቢስማሙ፤ ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳምንት ይደርሳቸዋል፤ መካኒኩም ያለ ጥድፊያ ይሠራል። የ7ቱ ተራ በዕጣ ይውጣ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን ያለ ዕጣ ፍሬኑ ከሁሉ ለደከመው ይሰጥ።